የእሸት ምስክሮች

ከርሞ የሚባል አገር ነበረ ይላሉ። ወዴት በኩል ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠው መልስ፣ መንገዱን ከመጠየቅህ በፊት የራስህን ጓዳ ፈትሽ የሚል ነው። የዚያ አገር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ እንደ ሌላው ሕዝብ እንደምን አደርክ አይባባልም። አዳር ያለፈ ነገር ነው፤ ላለፈ ነገር ምን ትንፋሽ ያስጨርሳል? «ለከርሞ እንደምን ነህ?» ነው የሚባባለው። የተጠየቀውም ፊቱን ቅጭም አድርጎ «እንጃ፤ ያሰጋል» ይላል። ደህና ነኝ ብሎ የመለሰ ሰው ወይ ሰክሯል፣ ወይ የጎረቤት አገር ሰላይ ነው።

ንጉሥም አላቸው። ንጉሡን ግን ያየው የለም፤ እንዲህ ያለ ደግ ንጉሥ ዘንድሮ ቢነግሥ ቶሎ ያልቅብናል ብለው ሹማምንቱ ለከርሞ ስላስቀመጡት ነው። እስከዚያው አገሩን የሚያስተዳድረው አቃቤ ከርሞ ሽፈራው የሚባል ደልደል ያለ ሰው ነበር። አቃቤ ከርሞ በሄደበት ሁሉ አንድ አሽከር ባዶ ቁና ተሸክሞ ከፊቱ ይሄዳል። ሕዝቡ የቁናውን ባዶነት አይቶ እንዲደነግጥ ነው። ሕዝቡም ይደነግጣል። ከቁናው በስተኋላ የሚመጣውን ሆድ ግን ልብ ብሎ ያየ አልነበረም።

ሕጉ ብዙ ቢሆንም ሥሩ አንድ ነው፤ የዘንድሮ እህል ዘንድሮ አይበላም። የታጨደው ሁሉ ተወቅቶ ጎታ ይገባል፤ ጎታው በጭቃ ይመረጋል፤ ማኅተም ይደረግበትና ሰባት ዓመት ይቀመጣል። የሚበላው ከሰባት ዓመት በፊት የተከተተው ነው። ያ ጎታ ሲከፈት ታዲያ ከእህሉ ይልቅ የሚበዛው ነቀዙ ነው። የከርሞ ሰዎች ወፍጮ አያውቁም፤ ነቀዙ ስለሚፈጭላቸው አያስፈልጋቸውም። ሹማምንቱም እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ከአገሩ ልማት አንዱ አድርገው ያስጎበኛሉ።

ከወንጀል ሁሉ የከፋው እሸት መብላት ነበር። ሌባ እንኳ ቢሆን የሚሰርቀው የሰው እጅ የገባውን ነው፤ እሸት የሚበላ ግን ገና ከእግዜር እጅ ያልወረደውን ይሻማል ይሉ ነበር። እሸት በልቶ የተገኘ ሰው ጎታው ይወረስና «የዛሬ ሰው» ተብሎ ከወንዝ ማዶ ይጣላል። ከወንዝ ማዶ ቤት የለም፣ ጎረቤት የለም፣ ከጅብ በቀር የሚጎበኝ የለም። ስለዚህ መስከረም ጠብቶ ባቄላው ፍሬ ሲይዝ ባሻ እርገጤ የሚባለው የመንግሥት አፍ አሽታች በየቤቱ ይዞራል። «እፍ በል» ይላል። ሰውየው እፍ ይላል። ባሻ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸትና «ነቀዝ ነው፤ እለፍ» ይላል።

እንግዲህ በዚህ አገር ጓንጉል የሚባል ጎታ ሠሪ ነበር። እበትና ጭድ ከጭቃ ጋር እያቦካ የማይሰነጠቅ ጎታ በመሥራት ስሙ የታወቀ ነው። በስጋትም የሚስተካከለው አልነበረም፤ ጓንጉል ሲያስነጥስ እንኳ ግማሹን ለነገ ያስቀራል እያሉ ጎረቤቶቹ ይቀልዱበት ነበር። የቤቱን ወለል ጎታ ስለሞላው እሱና ሚስቱ ደብሪቱ የሚተኙት በሁለት ጎታ መካከል በጎናቸው ነው። አንዱ መገላበጥ ሲፈልግ ሌላውን ያስፈቅዳል።

ደብሪቱ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ተጨናግፎባታል። ባልና ሚስቱ ስለዚህ ነገር አይነጋገሩም ነበር። ጓንጉል በእነዚያ ቀናት ጎታ እየሠራ እንባውን በጭቃው እጁ ሲጠርግ ፊቱ በጭቃ ተለውሶ ይመጣል፤ ደብሪቱም ምንም ሳትጠይቅ ውኃ ታቀርብለታለች። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ አረገዘች። የመስከረም ነፋስ የባቄላ ማሳውን ሽታ ይዞ በበሩ ሲገባ፣ በዕድሜዋ ቀምሳው የማታውቀው ነገር አማራት።

«የባቄላ እሸት አማረኝ» አለችው።

ጓንጉል መጀመሪያ ያደረገው በሩን መዝጋት ነው። ቀጥሎ ስለተከተተው ባቄላ ነገራት። የተከተተውን በልታ እንዳየችው፣ እንዳልረጋላትም ነገረችው። ጓንጉልም «ታዲያ ትንሽ ታገሺ እንጂ፤ የዘንድሮው ሲደርቅ፣ ሲወቃ፣ ሲከተት፣ ሰባት ዓመቱ ሲሞላ ያው መብላትሽ ነው» አላት።

ደብሪቱ ሆዷን አሳየችው። «እሱን ለዚህ ንገረው» አለች።

ከዚያ ወዲያ የበላችው ሁሉ ይመለሳል፤ ፊቷ አመድ መሰለ። አዋላጇ እማማ ዘርፌ መጥተው ዳሰሷት፤ ጓንጉልንም በእጃቸው ጠቅሰው ወደ ውጭ አወጡት። አምሮቷን ካላገኘች ይኸኛውም እንደ ፊተኞቹ መሄዱ ነው አሉት። ጓንጉል ሰምቶ ዝም አለ። እማማ ዘርፌ ዝም ለሚል ሰው ትዕግሥት ስለሌላቸው ደግመው ነገሩት።

በማግስቱ አቃቤ ከርሞ ደጅ ጠና። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ካስቆሙት በኋላ አስገቡትና የሚስቱን ነገር አስረዳ። አቃቤ ከርሞ እጅግ አዘነለት፤ እናትነት የአገር መሠረት መሆኑን በሰፊው ተናገረ፤ በመጨረሻም ለነፍሰ ጡሯ እሸት መብላት የተፈቀደ መሆኑን ገለጸ። የምትበላው ግን እሸቱ ደርቆ ተከትቶ ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። ጓንጉል መሬት ስሞ አመስግኖ ወጣ። የተፈቀደለት ምን እንደሆነ የገባው ቤቱ ሊደርስ ሲል ነው።

ከዚያ ወደ መምሬ ክንዱ ሄደ። በከርሞ ጸሎቱም እንደ ጎታው ማኅተም ነበረበት። አባቶች የዕለት የዕለቱን ይለምኑበት በነበረው ቦታ ላይ የአቃቤ ከርሞ ሽፈራው አያት «የሰባት ዓመቱን» የሚል አስገብተው ነበር። አባቱ በተራቸው «ከነመጠባበቂያው» የሚል ጨመሩበት። መምሬ ክንዱም ሕዝቡን ሰብስበው «የሰባት ዓመቱን ከነመጠባበቂያው ስጠን ዛሬ» እያሉ ያስደግሙ ነበር። ጓንጉል ችግሩን ሲነግራቸው ግራ ቀኙን አይተው ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ እግዚአብሔርን ስንት ዘመን ለመንከው?»

«ከልጅነቴ ጀምሬ፣ አባቴ።»

«ሰጠህ?»

ጓንጉል አሰበ። ጎታው ሙሉ ነው፤ ሆዱ ባዶ ነው። ቤት አለው፤ መተኛ የለውም። «እንጃ» አለ።

«እስቲ ዛሬ የዛሬን ብቻ ለምነው። የጥንቶቹ እንደዚያ ይለምኑ ነበር ይባላል። እኔ ፈርቼ ሞክሬው አላውቅም» አሉት መምሬ ክንዱ። ቀጥለውም፣ የሆነ እንደሆነ መጥቶ እንዲነግራቸው፣ ያልሆነ እንደሆነ ግን ይህን ከእሳቸው እንዳልሰማ አስጠነቀቁት።

ጓንጉል ማሳው ውስጥ ገብቶ ቆመ። አፈረ። የሰባት ዓመት እህል ከነመጠባበቂያው ሲለምን የኖረ ሰው፣ ለእፍኝ ባቄላ ፈጣሪን ማስቸገር ነውር መሰለው። «ጌታዬ ሆይ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካልቸገረኝ አልመጣም ነበር። ለዛሬ ብቻ ነው። ለአንዲት ሴት፣ አንድ እፍኝ። ሌላ የምለው የለኝም።» ይህን ብሎ መልሱን ሲጠባበቅ ቆየ። ሰማዩን አየ፤ ምንም የለም። ጎንበስ ሲል ባቄላው እስከ ወገቡ ከቦት ቆሞአል። ሰውየው ጎታ እንጂ ማሳ ልብ ብሎ አይቶ ስለማያውቅ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባቄላውን የሚያየው ወደ ጎታ የሚሄድ ዕቃ አድርጎ ነበር። ከገዛ ማሳው እየሰረቀ፣ አንድ እፍኝ ሸምጥጦ በኩታው ውስጥ ደበቀ።

ደብሪቱ እየፈለፈለች በላች። አልተመለሰም። በላችና ጎታውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጓንጉልም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስትተነፍስ ሲያዳምጥ ዋለ። በማግስቱም እንደዚያው ለምኖ አንድ እፍኝ አመጣ፤ በሣልስቱም። ለአንድ እፍኝ የተነጋገረ ስለመሰለው ከእፍኙ አላለፈም። የደብሪቱ ፊት ተመለሰ።

በዚህ መካከል አንድ ረፋድ ላይ ባሻ እርገጤ ከተፍ አለ። ጓንጉልን አሸተተና «ነቀዝ ነው፤ እለፍ» አለ። ወደ ደብሪቱ ዞሮ «እፍ በይ» አላት፤ እፍ አለች። ባሻ ዓይኑን ጨፍኖ እንደቆመ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ «እስቲ ድገሚ» አለ፤ ደገመች። ይህ ሽታ ዕድሜውን ሙሉ ካሸተተው ሁሉ የተለየ ሆነበት። ከልጅነቱ ጀምሮ አፍ ሲያሸት ኖሯል፤ ሥራውን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ እሸት ግን እሱም አባቱም አሽትተው አያውቁም። ነቀዝ አለመሆኑን ብቻ እርግጠኛ ነበር። ከበሩ ሥር የወደቀውን አረንጓዴ ልጣጭ ሲያይ ጠረጠረና ሁለቱን ይዞ ወደ ሸንጎ ወሰዳቸው።

አገሩ ሁሉ ወጣ። ጓንጉል ደብሪቱን ከወንዝ ማዶ ቢጥሉአት ይኸኛውም ልጅ እንደማይተርፍ ያውቃል፤ እሷም እንደማትተርፍ ያውቃል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን ጣሉኝ ብሎ ሊናገር ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ተራህ አይደለም ብለው ሁለት ጊዜ አስቀመጡት። አቃቤ ከርሞ ደብሪቱን ምን እንደበላች ጠየቃት። ያማራትን እንደበላች ተናገረች። ወደ ባሻ እርገጤ ዞሮ በሴትዮዋ አፍ ያለው የእሸት ሽታ መሆኑን እንዲመሰክር አዘዘው።

ባሻ እርገጤ ግን ሕግ አዋቂ ነው። በከርሞ የማያውቀውን የመሰከረ ሰው ምላሱ ይቆረጣል። «ጌታዬ፣ ነቀዝ አለመሆኑን እመሰክራለሁ። እሸት መሆኑን ግን ከየት አውቄ?» አለ።

አቃቤ ከርሞ የእሸትን ሽታ የሚያውቅ ካለ ወጥቶ ይናገር ብሎ አሳወጀ። ሰዉ እግር እግሩን አየ፤ የሚያውቅ ሰው ከየት አወቅህ መባሉ አይቀርማ። ሸንጎው መከረ። ብዙ ከተመከረ በኋላ ለፍትሕ ሲባል ከጓንጉል ማሳ አንድ እሸት እንዲመጣና አሽታቹ እንዲቀምሰው ተወሰነ። መጣ። ባሻ እርገጤ ፈልፍሎ አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ አደረገ። አላመጠ። ዋጠ። ሕዝቡ አፍ አፉን አየ።

ባሻ ግን ፊተኛዋ ደንግጦ ሳያጣጥማት ስላመለጠችው አንድ ሌላ እንዲጨመርለት ጠየቀ። ተጨመረለት። ከሁለተኛዋ በኋላ ደግሞ በአንድ ሰው ቃል ብቻ ሰው እንደማይፈረድበት ለሸንጎው አስታወሰ። እውነቱን ነው፤ ሕጉ ሦስት ምስክር ይላል። ሁለት ሽማግሌዎች ተመርጠው ቀመሱ። ከሁለቱ አንዱ ጥርስ ስላልነበራቸው በደንብ እስኪያረጋግጡ ብዙ ፈጀባቸው። ከዚያ የሸንጎው አባላት፣ ምስክር የቀመሰውን ዳኛ ካልቀመሰ በምን ያመዛዝናል አሉ። እነሱም ቀመሱ። አቃቤ ከርሞ ሽፈራው መጨረሻ ላይ ቁናውን ከአሽከሩ ተቀብሎ እሸት እንዲሞላበት አደረገ፤ የአንድ አገር ኃላፊነት የተሸከመ ሰው በአንዲት ፍሬ አይፈርድም ብሎ ነው።

ይህን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል እኔም እመሰክራለሁ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሴቶቹ በኩልም ሌላ መጣ። ጥቂት ቆይቶ አገሩ ሁሉ ለፍትሕ ተነሥቶ ወደ ጓንጉል ማሳ ወረደ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደፊት ምስክር የሚፈለግበት ቀን ይመጣል እያሉ ያጎርሱአቸው ነበር። መምሬ ክንዱም አማትበው ቀመሱ፤ ከቀመሱም በኋላ ሁለተኛ አማተቡ።

ሲመለሱ አቃቤ ከርሞ ባሻ እርገጤን አፍ እያሸተተ ወንጀለኛዋን እንዲለይ አዘዘው። ባሻ የደብሪቱን አሸተተ፤ የሽማግሌዎቹን አሸተተ፤ የሸንጎውን አሸተተ። አቃቤ ከርሞ ፊት ሲደርስም ትንሽ ቆም ብሎ አሸተተ። «ጌታዬ፣» አለ በመጨረሻ፣ «አገሩ ሁሉ አንድ አፍ ሆኖብኛል።»

አቃቤ ከርሞ ጢሙ ላይ የቀረውን ልጣጭ አራገፈና ብዙ አሰበ። ቢፈርድ ራሱም ከወንዝ ማዶ ሊሄድ ነው፤ ባይፈርድ ሕጉ ሊፈርስ ነው። ስለዚህ ሹመቱ የሚያስተምረውን አደረገ፤ ፍርዱ ለከርሞ ይቆይ አለ። ለከርሞ የተባለ ነገር በዚያ አገር መጥቶ ስለማያውቅ ሰዉ ሁሉ በእፎይታ ወደየቤቱ ሄደ። ሰንበት ብሎም በየመስከረሙ ሕዝቡ ለምስክርነት የሚለማመድበት ቀን እንዲኖር አዋጅ ወጣ። ልምምዱ መጀመሪያ አንድ ቀን ነበር፤ በኋላ የምስክር ችሎታ ማነስ ስለታየ ረዘመ።

ጓንጉል ግን በዚያው በሸንጎው ዕለት ወደ ማሳው ሄደ። የባቄላ ግንድ ብቻ ቀርቶለት ነበር። ፍትሕ አንድ ዓመት የለፋበትን ጠራርጎ በልቶታል። እንደ ሞተ ሰው እየተጎተተ ቤቱ ገባና ለዘንድሮ የሚከተት ነገር እንደሌላቸው ለደብሪቱ ነገራት።

«ዛሬ በልቻለሁ» አለችው ደብሪቱ። «ልጁም እንደያዘ ነው። ነገ የምበላውን ነገ እጠይቅሃለሁ።»

ነገ ደረሰና ጠየቀችው። ጓንጉል በጭንቀት ከጎታዎቹ አንዱን ሰብሮ አየ። ከአፉ እስከ ታቹ ሽርክት እንኳ ያልቀረበት ዱቄት ነበር፤ ዱቄቱም ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛውን ከፈተ፤ እንደዚያው ነው። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሰው ሳይተኛበት የጠበቀው፣ ሚስቱን በጎኗ ያስተኛበት፣ ነገዬ ነው ያለው ሁሉ የነቀዝ መንደር ሆኖ ተገኘ። ደብሪቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ስትቀመጥም እግሯን ዘረጋች። ጎታው በተነሣበት ቦታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እግር የሚዘረጋበት ስፍራ ተገኝቶ ነበር። ጓንጉል እንባውን ሳይጠርግ ተነሥቶ የጎታውን ስብርባሪ ጠራርጎ አወጣና አልጋ ሠራበት።

ይህን የሰሙ ጎረቤቶች እነሱም ቤት አንድ ጎታ እንዲያፈርስላቸው ጠሩት። ሁሉንም አይደለም፤ የከርሞ ሰው እንዲያ ያለ ድፍረት የለውም። አንዱን ብቻ፣ እግር መዘርጊያ ያህል። ጓንጉል ጎታ ሠሪ ሳለ ያላገኘውን ገበያ ጎታ አፍራሽ ሆኖ አገኘ። ጠዋት ምን ይዤ እገባለሁ ብሎ እየሰጋ ይወጣል፤ ማታ አንድ ሳህን ንፍሮ ወይም ጥቂት ቂጣ በብብቱ ይዞ ይገባል። ከዕለቱ አያልፍም፤ ከዕለቱም አይጎድልም። ይህ ነገር አናደደው። መምሬ ክንዱ ዘንድ ሄዶም እግዜር የሚሰፍርበት ቁና ጠበበብኝ ብሎ ስሞታ አቀረበ።

«ጠባብስ ጠባብ ነው» አሉት መምሬ። «ጎድሎብህ ያውቃል?»

ጓንጉል ጎድሎብኛል ሊል ብዙ አሰበ። የጎደለበት ቀን ግን አንድም አጣ። ተናዶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዝናቡ ሳይገባ ደብሪቱ በዚያው አልጋ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጂቱ ጮኸች፤ እማማ ዘርፌ ዕልል አሉ። ጓንጉል ውጭ ሆኖ ድምፁን ሲሰማ ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ ሁለት ጊዜ ዝም ያለው ቤት ይኸው አለቀሰለት። የጎረቤት ሴቶች ለምስክርነት ብለው ከጎታ ያስቀሩትን ገብስ በእፍኝ በእፍኝ እየያዙ መጡ። ወፍጮ የሚባል ያየ ስላልነበረ በሁለት ድንጋይ መካከል እየቀጠቀጡ አደቀቁት፤ ገንፎውም ቋጠሮ የበዛበት ሆነ። ቅቤ የተገኘው ከአንዷ ቤት ነው፤ በርበሬው ከሌላዋ።

ጓንጉል ጥግ ላይ ተቀምጦ ገንፎውን ትኩር ብሎ ሲያይ እማማ ዘርፌ ምን እንዳሳሰበው ጠየቁት። የዛሬስ ተገኘ፣ አራስ ግን ነገም ገንፎ ትፈልጋለች አላቸው። እማማ ዘርፌ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ነገ የሚነጋው እግዜር የሌለበት አገር ላይ ነው ያለህ ማነው? ይልቅ ሳይበርድ ብላ» አሉት።

በላ። ትኩስ ነበር፤ የዘንድሮ ገብስ ነበር። እማማ ዘርፌ በሞቴ ብለው ጨመሩለት፤ ያንንም በላ። ሦስተኛ ሊጨምሩለት ጭልፋውን ሲያነሡ ጓንጉል እጁን ሳህኑ ላይ ጋረደ።

«በቃኝ» አለ።

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው አዩት። በዚያ አገር ይህን ቃል ማንም ሲናገረው ሰምተው ስለማያውቁ ሰውየው ያመመው መስሏቸው ነበር። እማማ ዘርፌ ጎንበስ ብለው ፊቱን መረመሩት፤ ሆዱንም ዳሰሱት። ሰውየው እውነትም ጠግቦ ነበር።